ዘጠኝ ክለብ፣ ዐሥር ዶላርና ማንም የማይገደድበት ሊግ

አንድ የደረጃ ሰንጠረዥ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በ1871 አሜሪካ ውስጥ የተካሄደው የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ሊግ ሰንጠረዥ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አናቱ ላይ የፊላደልፊያው አትሌቲክስ 21 አሸንፎ፣ 7 ተሸንፎ ተቀምጧል። ቦስተን 20 አሸንፎ 10 ተሸንፏል፤ ቺካጎ 19 አሸንፎ 9። ዝቅ ሲሉ የኒው ዮርኩ ሚዩቹዋል 33 ጨዋታ አድርጎ ይገኛል፤ የፎርት ዌይኑ ኪኪዮንጋ ደግሞ 19 ብቻ። በእግር ኳስ ሰንጠረዥ ላደግን ሰዎች ይህ ነገር አይዋጥም። ሁሉም እኩል ካልተጫወተ ሻምፒዮኑ በምን ታወቀ?

የመዝገብ ጉድለት አይደለም። የጎደሉት ጨዋታዎች ተመዝግበው የጠፉ ሳይሆኑ መጀመሪያውኑ ያልተደረጉ ናቸው። ያልተደረጉበት ምክንያት ደግሞ ጦርነት ወይም ወረርሽኝ አልነበረም። በዚያ ሊግ ውስጥ ማንም ለማንም ጨዋታ ዕዳ አልነበረበትም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስለነዚያ ቡድኖች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ኮከብ ተጫዋቾችና የቁማር ሐሜት ናቸው። እኔ ግን የክለቦቹን ዕድሜ ያሳጠረው ከሁሉ በላይ ይህ አለመገደድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በደብዳቤ የሚመራ ውድድር

ሊጉን ያካሄደው የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ተጫዋቾች ብሔራዊ ማኅበር የተመሠረተው ማርች 17 ቀን 1871 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ብሮድዌይ ከ13ኛው ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ኮሊየርስ በሚባል ቤት ነው። ለመግባት 10 ዶላር ይበቃል። የከተማው ሕዝብ ስንት ነው፣ ሜዳው ምን ይመስላል፣ ክለቡ ካዝናው ውስጥ ምን አለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። 10 ዶላሩን የከፈለ ሁሉ ለሻምፒዮንነቱ ባንዲራ መወዳደር ይችላል። የብሩክሊኑ ኤክፎርድ ግን ማኅበሩ ከዓመት ዓመት አይደርስም ብሎ ስለገመተ ይህችኑ ገንዘብ እንኳ ሳይከፍል ቀረ።

የቀሩት ዘጠኙ ቦስተን፣ የፊላደልፊያው አትሌቲክስ፣ የኒው ዮርኩ ሚዩቹዋል፣ የዋሽንግተኑ ኦሊምፒክ፣ የትሮዩ ሄይሜከርስ፣ ቺካጎ፣ ኪኪዮንጋ፣ እና ሁለቱም ፎረስት ሲቲ የሚባሉት የክሊቭላንድና የሮክፎርድ ክለቦች ነበሩ። ሕጉ እያንዳንዱ ክለብ ከእያንዳንዱ ጋር ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን ለማሸነፍ ይጋጠም ይላል። ቀኑን የሚያወጣ አካል ግን አልተሠየመም። የአንዱ ክለብ ጸሐፊ ለሌላው ጸሐፊ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ በባቡር መስመሩ ላይ ካሉት ከሌሎቹ ከተሞች ጋር ቀን ያጣጥማል። እንግዳው ክለብ የአምስት ሰው ስም ለዳኝነት ያቀርባል፤ ባለሜዳው ከአምስቱ አንዱን ይመርጣል። ደብዳቤው መልስ ካላገኘ፣ ወይም ባለሜዳው ቀኑን ካልወደደው፣ ጨዋታው አይኖርም። ቅጣትም የለም።

ይህ አሠራር የት ላይ እንደሚሰበር ለማየት ገንዘቡን ማስላት ይበቃል። ሜይ 4 ቀን ኢንዲያና ውስጥ ባለችው ፎርት ዌይን ላይ ኪኪዮንጋ ክሊቭላንድን 2 ለ 0 ያሸነፈበት ጨዋታ የሊጉ የመጀመሪያው ነው። በዚያ ዘመን አንድ ቡድን 20 ማስቆጠሩ ብርቅ ስላልነበረ ውጤቱ ያስገርማል፤ የኪኪዮንጋው ወርዋሪ (ኳሱን ለተቃራኒው መቺ የሚወረውረው ተጫዋች) ቦቢ ማቲውስ ዘጠኙን ዙር ሙሉ አንድም ሳይቆጠርበት ጨርሷል። የተመልካቹ ብዛት ግን ወደ 200 ነበር። እያንዳንዱ 50 ሳንቲም ከፍሎ ገብቷል ብንል እንኳ የዕለቱ ገቢ 100 ዶላር ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የሲንሲናቲው ተጫዋች ጆርጅ ራይት ለአንድ የውድድር ዘመን 1,400 ዶላር ይከፈለው ነበር። ከመቶው ዶላር የእንግዳው ድርሻ ሲነሳ የባለሜዳው ቀሪ ምን ያህል እንደሆነ መገመት ነው። ለእንግዳውም ቢሆን ዐሥርና ዐሥራ አንድ ሰው በባቡር ከኒው ዮርክ ኢንዲያና ድረስ አድርሶ፣ በሆቴል አሳድሮ፣ ከመቶ ዶላር ላይ ድርሻ ለመቀበል መምጣት ኪሳራ ነው። ስለዚህ ትልቁ ክለብ ትንሹን በሜዳው ያስተናግደዋል፣ ገቢውን ይሰበስባል፣ የመልስ ጉዞው ላይ ግን ደብዳቤው ይዘገያል።

ኪኪዮንጋ ኦገስት ላይ ፈረሰ። ቦታውን የያዘው መጀመሪያ 10 ዶላሩን ያልከፈለው ኤክፎርድ ሲሆን ጨዋታዎቹ ለሻምፒዮንነቱ አልተቆጠሩም።

አንድ ሰው ሲጎድል

በዋሽንግተን ዲሲ ዩ ጎዳና አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ተነስታችሁ በእግር ወደ ምዕራብ ብትሄዱ በ16ኛውና በ17ኛው ጎዳና መካከል፣ ኤስ ጎዳና ጋ ትደርሳላችሁ። የኦሊምፒክ ክለብ ሜዳ እዚያ ነበር። ሊጉ መከፈት የነበረበት እዚሁ ነበር፤ ዝናብ ስለከለከለ ክብሩ ለፎርት ዌይን ሄደ። በማግስቱ ሜይ 5 ቦስተን ኦሊምፒክን 20 ለ 18 አሸነፈ።

ያ ጨዋታ የአንድ ቤተሰብ ጠብ ያህል ነበር። በ1869 ሁሉም ተጫዋቾቹ ደመወዝተኛ መሆናቸውን በግልጽ ያሳወቀው የመጀመሪያው ክለብ፣ ያን ዓመት አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈው የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ፣ ከ1870 በኋላ ደመወዝ መክፈል ሲያቆም ዘጠኙ ቋሚዎች ለሁለት ተከፈሉ። ሃሪ ራይት፣ ወንድሙ ጆርጅ፣ ቻርሊ ጉልድና ካል ማክቪ ቦስተን ገቡ፤ ቀዩን ካልሲና ስሙንም ይዘው ሄዱ። ብሬናርድ፣ አሊሰን፣ ስዊዚ፣ ዋተርማንና ሌናርድ ዋሽንግተን ገቡ። አምስቱን የያዘው ኦሊምፒክ 15 አሸንፎ 15 ተሸንፎ ጨረሰ፤ በዓመቱ 2 ብቻ አሸንፎ ፈረሰ። አራቱን የያዘው ቦስተን ከ1872 እስከ 1875 አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ።

የቦስተን ሌላው ምንጭ ሮክፎርድ ነው። ሃሪ ራይት ከዚያች ትንሽ የኢሊኖይ ከተማ ወርዋሪውን አልበርት ስፖልዲንግን፣ ሮስ ባርንስንና ፍሬድ ኮንን አስፈረመ። ላለው ይጨመርለታል እንዲሉ፣ ባዶ እጁን የቀረው ሮክፎርድ በ1871 4 አሸንፎ 21 ተሸነፈ። ከሽንፈቶቹ አራቱ በሜዳ ላይ ድል ነበሩ። ስኮት ሄስቲንግስ የሚባለው ተጫዋቹ በዚያው ጸደይ ለኒው ኦርሊንስ ክለብ ተጫውቶ ነበርና፣ ከክለብ ወደ ክለብ ለሚሄድ ሰው የተደነገገው 60 ቀን ሳይሞላ ስለተሰለፈ ድሎቹ በፎርፌ ለተቃራኒዎቹ ተሰጡ። ከተጠቀሙት አንዱ አትሌቲክስ ነው። ያን ዓመት ከሮክፎርድ ጋር የጀመረው የ19 ዓመቱ አድሪያን አንሰን በኋላ ከዘመኑ ታላላቅ መቺዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል፤ ክለቡ ግን ሁለተኛ ዓመቱን አላየም።

ቡድኖቹ ምን ያህል ስስ እንደነበሩ ለመረዳት አጨዋወቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ወርዋሪው ከመቺው በ45 ጫማ፣ ማለትም ወደ 14 ሜትር በሚጠጋ ርቀት ቆሞ እጁን ከወገቡ በታች አድርጎ ይወረውራል። መቺው ኳሱ ከፍ ብሎ ወይም ዝቅ ብሎ እንዲመጣለት የመጠየቅ መብት ነበረው። ጓንት የለም ማለት ይቻላል፤ ከመቺው ጀርባ የሚቆመው ቀላቢ የሚይዘው በባዶ እጁ ነው፣ ጣቱም ይሰበራል። አንድ ወርዋሪ የክለቡን ጨዋታ ሁሉንም ወይም ሁሉንም ለማለት የሚያስደፍረውን ያህል ይወረውራል። ተቀያሪ ከተባለ አንድ ሰው ወይም ሁለት ነው። በዚህ ሁኔታ የአንድ ሰው እግር መጎዳት የዓመቱን ሰንጠረዥ ይቀይራል። ቀይሮማል። ጆርጅ ራይት ገና በሜይ ከራሱ ጓደኛ ከኮን ጋር ተጋጭቶ እግሩ ስለተጎዳ ከቦስተን ጨዋታዎች ግማሽ ያህሉ አመለጡት። ቦስተን ባንዲራውን ያጣበትን ልዩነት ሳይ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ግጭት ነው።

የተዋሱት ማሊያ

ከዚያ ዓመት ሁሉ የምመለስበት ኦክቶበር ነው።

በወሩ መጀመሪያ ቺካጎ ለባንዲራው ከሦስቱ ተፎካካሪዎች አንዱ ነበር። ኦክቶበር 8 ቀን ማታ የተነሳው የቺካጎ ቃጠሎ ከሐይቁ ዳር የነበረውን ሜዳውን፣ ማሊያዎቹንና መጫወቻዎቹን በሙሉ በላ። የክለቡ ባለአክሲዮኖች ራሳቸው ቤትና ሱቃቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ነበሩ። በሊጉ ሕግ ቺካጎን ከዚህ በኋላ ተጫወት የሚለው አካል አልነበረም። ሌሎች ክለቦች ከዚህ እጅግ ባነሰ ምክንያት ጉዞ ሰርዘዋል።

ቡድኑ ግን በባቡር ወደ ምሥራቅ ሄደ። ትሮይ ላይ ተጫወተ። ከዚያም ኦክቶበር 30 ብሩክሊን ዩኒየን ግራውንድስ በሚባለው ሜዳ ከአትሌቲክስ ጋር ለመጨረሻው ጨዋታ ተሰለፈ። ሜዳው የማንኛቸውም አልነበረም። የቺካጎ ተጫዋቾች የለበሱት ከተለያዩ ክለቦች የተዋሱትን ስለነበር የአንዱ ሱሪ ከሌላው አይመሳሰልም ነበር፤ የክለቡ መለያ የሆነው ነጭ ካልሲ ተቃጥሏል። የመጣው ተመልካች ጥቂት መቶ ብቻ ነው።

አትሌቲክስም የተሟላ አልነበረም። ሰው ስለጎደለው በቀኝ ሜዳ ያሰለፈው ኔት በርከንስቶክን ነው። ኔት በርከንስቶክ የ40 ዓመት ሰው ነበር፤ በአማተሩ ዘመን ተጫውቶ ካቆመ ቆይቷል። በሊጉ መዝገብ ላይ ያለው ይህ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ለቺካጎ ጆርጅ ዜትላይን፣ ለአትሌቲክስ ዲክ ማክብራይድ ወረወሩ። አትሌቲክስ 4 ለ 1 አሸነፈ፤ ባንዲራውም ወደ ፊላደልፊያ ሄደ።

ስለዚህ ጨዋታ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቺካጎ መምጣቱ ነው። የመጀመሪያው ሊግ የመጀመሪያ ሻምፒዮን በሜዳ ላይ ሊለይ የቻለው፣ ላለመምጣት ከሁሉ የበለጠ ምክንያት የነበረው ክለብ ስለመጣ ነው። ክለቡ ከዚያ በኋላ 1872ንና 1873ን አልተጫወተም፤ የተመለሰው በ1874 ነው። የዛሬው ቺካጎ ከብስ የሱ ቀጥታ ወራሽ ነው።

በዚያው ኦክቶበር ፊላደልፊያ ውስጥ የሆነውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኦክታቪየስ ካቶ የጥቁሮች ትምህርት ቤት መምህር፣ የመብት ተሟጋችና የፒቲያን ቤዝቦል ክለብ መሪ ነበር። ክለቡ በ1867 ወደ ክፍለ ግዛቱ ማኅበር ለመግባት ጠይቆ አልተቀበሉትም፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የአማተሮቹ ብሔራዊ ማኅበር ጥቁር ተጫዋች ያለበትን ክለብ ላለመቀበል በጽሑፍ ወሰነ። በ1871 የተመሠረተው የፕሮፌሽናሎቹ ማኅበር እንዲህ ያለ አንቀጽ መጻፍ እንኳ አላስፈለገውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ካቶ ኦክቶበር 10 ቀን፣ በምርጫ ዕለት፣ ጥቁሮች እንዳይመርጡ በተነሳው ሁከት መሀል በጥይት ተገደለ። 32 ዓመቱ ነበር። ከተማው በሃያ ቀን ውስጥ የሻምፒዮን ከተማ ሆነ። 10 ዶላር ለከፈለ ሁሉ ክፍት ነበር ስል ይህን ጨምሬ ነው መነበብ ያለበት።

ከሳሽም ዳኛም አንድ ሲሆን

የሚከተሉት አራት ዓመታት ያንኑ ጉድለት ይደግማሉ። በ1872 ዐሥራ አንድ ክለብ ገባ፤ የዋሽንግተኑ ናሽናል 11 ተጫውቶ 11ዱንም ተሸነፈ። በ1873 የባልቲሞሩ ሜሪላንድ ስድስት ተጫውቶ ስድስቱንም። ከእነዚህ ክለቦች ብዙዎቹ ደመወዝ የሌላቸውና የበሩን ገቢ ተጫዋቾቹ የሚከፋፈሉባቸው ነበሩ፤ ሁለት ሳምንት ዝናብ ከጣለ ተጫዋቹ ባዶ ኪስ ነው፣ የሌላ ከተማ ጉዞም አይታሰብም። በ1874 ደግሞ ሁለቱ ኃያላን፣ ቦስተንና አትሌቲክስ፣ ውድድሩ መሀል ላይ እያለ ቤዝቦል ሊያሳዩ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። የሊጉ ሁለት ምርጥ ቡድኖች ለሳምንታት ባሕር ማዶ ሲከርሙ የሚከለክል ደንብ አልነበረም።

1875 የመጨረሻው ነበር። ዐሥራ ሦስት ክለብ ጀመረ፣ ሰባት ጨረሰ። ፊላደልፊያ ብቻዋን ሦስት ክለብ ነበራት። ቦስተን 71 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፤ በሜዳው አንድም አልተሸነፈም። የብሩክሊኑ አትላንቲክ፣ በ1870 ያንን የማይሸነፍ ሲንሲናቲ ያሸነፈው ታላቅ ስም፣ 2 አሸንፎ 42 ተሸነፈ። ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የመጣው የኪዮኩክ ክለብ 13 ጨዋታ አድርጎ አንዱን አሸንፎ ተበተነ። አምስቱንም ዓመት ያልተቋረጡት ቦስተን፣ አትሌቲክስና ሚዩቹዋል ብቻ ናቸው።

ማኅበሩን የሰበረው ግን የዴቪ ፎርስ ጉዳይ ነው። ፎርስ በ1874 ለቺካጎ የሚጫወት ጎበዝ የመሀል ተከላካይ ነበር። ለ1875 ለቺካጎ ፈረመ፤ ቆይቶ ለአትሌቲክስም ፈረመ። የማኅበሩ ጉባኤ መጀመሪያ ለቺካጎ ፈረደ። በጸደይ የአትሌቲክስ ሰው የማኅበሩ ፕሬዝዳንት ሲሆን ፍርዱ ተገልብጦ ተጫዋቹ ለአትሌቲክስ ተሰጠ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ የቺካጎው መሪ ዊልያም ሐልበርት ይህ ማኅበር እንደማያስጥለው ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። ያደረገውም ይህን ያሳያል፦ ውድድሩ ሳያልቅ የቦስተንን አራት ምሰሶዎች፣ ስፖልዲንግን፣ ባርንስን፣ ማክቪንና ዲከን ዋይትን፣ ከአትሌቲክስም አንሰንን ለ1876 አስፈረመ። በማኅበሩ ደንብ ይህ የሚያስቀጣ ስለነበር ቅጣቱ ሳይመጣ ሌላ ሊግ አቋቋመ። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1876 ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ሆቴል ውስጥ ናሽናል ሊግ ተመሠረተ። ክፍያው 100 ዶላር ሆነ፣ ከተማው ቢያንስ 75,000 ሕዝብ ይኑረው ተባለ፣ እያንዳንዱ ክለብ ከሌሎቹ ሰባት ጋር ዐሥር ዐሥር ጊዜ፣ በጠቅላላው 70 ጨዋታ እንዲያደርግ ተወሰነ። ያልፈጸመ ይባረራል።

ፈተናው በዚያው ዓመት መጣ። አትሌቲክስና ሚዩቹዋል ገንዘብ አጥሯቸው በመስከረም ወደ ምዕራብ የሚያደርጉትን የመጨረሻ ጉዞ ሰረዙ። አንዱ 60፣ ሌላው 57 ጨዋታ ላይ ቆሙ። አትሌቲክስ የምዕራቦቹ ክለቦች ፊላደልፊያ መጥተው ከፍ ያለ የበር ድርሻ እንዲወስዱ ለመነ። በአሮጌው ማኅበር ይህ በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር ነበር። ዲሴምበር ላይ ሐልበርት ሁለቱንም አስባረረ። በአምስቱ ዓመት ካልጠፉት ሦስት ክለቦች ሁለቱ፣ ከመካከላቸውም የመጀመሪያው ሻምፒዮን፣ ባልሄዱበት ጉዞ ምክንያት ጠፉ። ያባረራቸው ክለብ ደግሞ ሜዳው ተቃጥሎ፣ ማሊያ ተውሶ፣ አትሌቲክስ ባንዲራውን የወሰደበትን ጨዋታ ሊጫወት ብሩክሊን ድረስ የመጣው ነው። ሐልበርት ይህን አስቦ ይሁን አይሁን የሚነግረን መዝገብ የለም፤ እኔ ግን ሁለቱን ነገሮች ለይቼ ማየት ከቶ አልተቻለኝም። ከ1877 ጀምሮ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ሊጉ ራሱ ሆነ።

በ1969 የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ቤዝቦል ከፍተኛው ደረጃ) የመዝገብ ኮሚቴ የ1871–75ቱን ማኅበር ከሜጀር ሊግነት ውጪ ያደረገው መርሐ ግብሩና አሠራሩ የተዘበራረቀ ነው ብሎ ነው። የስፖልዲንግ፣ የባርንስና የማቲውስ የእነዚያ ዓመታት ሥራም ከሜጀር ሊግ ቁጥራቸው ተለይቶ ይቀመጣል። በኮሚቴው ውሳኔ አልስማማም፤ ተጫዋቹ ቀን የማውጣት ሥልጣን አልነበረውም። የውሳኔው ምክንያት ግን እውነት ነው።

አዲሱ ሥርዓት ለትንንሾቹ ከተሞች ደግ ነበር ማለት አይደለም። ኒው ዮርክና ፊላደልፊያ ወደ ሊጉ የተመለሱት በ1883 ነው። ቦታ የተለቀቀላቸው ከ1871ዱ ዘጠኝ ከተሞች አንዷ በሆነችው በትሮይና በማሳቹሴትሷ ውስተር ወጪ ነው። የሁለቱ ከተሞች ክለቦች የ1882ን ውድድር ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ተጫውተው ነበር።